ጨዋታም ልክ አለው



በዘመናችን ስለ ቪዲዮ ጌም በተነሣ ቍጥር ሁለት ወገን ይቆማል። አንደኛው «ጨዋታ የሥራ ፈት መዋያ ነውና ከቤት ይውጣ» ይላል፤ ሁለተኛው «ልጅ ሳይጫወት አያድግምና ተዉን» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ የዘለሉት ይመስለኛል። መጠየቅ የሚገባው «ጨዋታ ይጠቅማልን ወይስ ይጎዳል?» የሚለው ሳይሆን፥ «ይህን ጨዋታ የሠራው ሰው ተጫዋቹ መቼ እንዲነሣ አስቦ ነው የሠራው?» የሚለው ነው። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አሳቤን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት በእናቴ ስልክ አንድ ጨዋታ እጫወት ነበር። መሰሎቹ ብዙ ናቸውና ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ጨዋታው በነጻ የሚገኝ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ስጦታ ይሰጣል፤ አንድ ቀን የቀረሁ እንደ ሆነ ቈጠራው ከአንድ ይጀምራል። ስሸነፍ «አንድ ማስታወቂያ ብታይ ነፍስ እጨምርልሃለሁ» ይለኛል። ስልኩን ባስቀምጠው ደወል እያሰማ ይጠራኛል። ታላቅ እኅቴ ለሥራ ወደ ቤይሩት ሄዳለች፤ እሑድ እሑድ በኢንተርኔት ትደውልልናለች፤ እናቴም ለዚሁ ብላ በየወሩ የኢንተርኔት ጥቅል ትገዛለች። አንድ ቅዳሜ ሌሊት ማስታወቂያ እያየሁ ነፍስ ስሰበስብ ጥቅሉን ጨረስሁት። በማግሥቱ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፥ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፥ ስልኩን ጕልበቷ ላይ አስቀምጣ እስከ ቀትር ጠበቀች። «አሠሪዎቿ ከለከሏት ይሆን? ወይስ ታማ ይሆን?» እያለች ስትጨነቅ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም አልሁ። እማዬ፥ እውነቱን የምታውቂው ይህን መጽሔት ስታነቢ ነውና ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሌላ አላላክክም። ሆኖም ያ ጨዋታ የተሠራበትን መንገድ ቈይቼ ስመረምረው አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በነጻ የተሰጠ ጨዋታ ገንዘብ የሚያገኘው ተጫዋቹን በማቈየት ነው። ስለዚህ ሠሪው መቆሚያውን ሆን ብሎ ያጠፋዋል። የዕለት ስጦታው፥ ደወሉ፥ የነፍስ ሽያጩ ሁሉ ታስቦበት የተደረገ ነው። ነገሩ ከዚህም አልፎ በገንዘብ ተገዝተው ውስጣቸው የማይታወቅ የዕድል ሣጥኖችን እስከ መሸጥ ደርሶአል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. የቤልጅግ የቍማር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉትን ሣጥኖች መርምሮ ቍማር ናቸው ብሎአል።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ለገና ከዋሽንግተን ስትመጣ፥ ልጅዋ በልጅነቱ ይጫወትበት የነበረውን ጌም ቦይ የሚባለውን የእጅ መጫወቻ አመጣችልኝ። መልኩ ግራጫ፥ ውፍረቱም ከስልክ እጅግ የበለጠ ነው። ጓደኞቼ ባዩት ጊዜ «የአያትህ ሬዲዮ ነውን?» ብለው ሳቁብኝ። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ አረንጓዴ በሚመስል መደብ ላይ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ ያሳያል። ከውስጡም መብራት ስለሌለው በቀትር ፀሐይ ደጅ ሲቀመጡ ጥሩ አድርጎ ይታያል፤ እናቴ ማታ መብራት ካጠፋች ግን የዕለቱ ጨዋታ አበቃ ማለት ነው።

ይህ ጕድለት የመጣው ከድንቍርና እንዳይመስላችሁ። ጌም ቦይ በ1989 የወጣው በጃፓኑ የኒንቴንዶ ኩባንያ በጉንፔ ዮኮይ መሪነት ነው። ዮኮይ በ1965 በኩባንያው ሲቀጠር ሥራው የመጫወቻ ካርታ የሚሠሩትን መኪናዎች መጠገን ነበረ። አዲስ ነገር ለመፍጠር የግድ አዲስና ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የተለመደውንና የረከሰውን ዕቃ ባልታሰበ መንገድ መጠቀም ይበቃል የሚል እምነት ነበረው። በዚያው ዓመት የወጣው አታሪ ሊንክስና በ1990 የወጣው የሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለምና ባለ መብራት ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ስድስት ስድስት ድንጋይ ይበሉ ነበር፤ ጌም ጊርም ያንን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሰው ነበር። ጌም ቦይ ግን ለግድግዳ ሰዓት የሚገባውን ዓይነት አራት ድንጋይ ጐርሶ ከዐሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። በአሜሪካ ገበያ ሲወጡም ሊንክስ 180፥ ጌም ጊር 150፥ ጌም ቦይ ደግሞ 90 ዶላር ያህል ነበረ ዋጋቸው። ውጤቱ ምን ሆነ? ጌም ጊር 11 ሚሊዮን ያህል ሲሸጥ፥ ጌም ቦይ ባለ ቀለም ከሆነው ተከታዩ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መተው የሚገባውን ማወቅ ትልቅ ጥበብ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከመሣሪያው ጋር የመጣልኝ ጨዋታ ቴትሪስ ነው። ይህንን በ1984 በሞስኮ የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው። ሰባት ዓይነት ቅርጾች ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም እያዞረ መስመር ያስሞላቸዋል። የጌም ቦዩ ቴትሪስ ሁለት ዓይነት አጨዋወት አለው። አንደኛው እስኪሸነፉ ድረስ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው 25 መስመር ካስሞሉ በኋላ ያበቃል። እናቴ በጠራችኝ ጊዜ አንዲት ቍልፍ ብጫን ጨዋታው ባለበት ይቆማል። ሲቆምም ቅርጾቹን ይሸፍናቸዋል፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ አቁሞ ቀጣዩን እያሰላ እንዳያታልል ነው ብዬ እገምታለሁ። መሣሪያውን ሳጠፋው ያስመዘገብሁት ነጥብ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በመጀመሪያ ይህ አናደደኝ፤ ኋላ ግን ወደድሁት። ነገ የሚጠብቀኝ ስጦታ የለም፤ በመቅረቴ የምቀጣው ቅጣትም የለም።

የእጅ መጫወቻ ሌላም በጎነት አለው። ሁለት ጌም ቦዮች በገመድ ሊገናኙ ይችላሉ። ሳቶሺ ታጂሪ በ1996 በጃፓን ያወጣው ፖኬሞን የተመሠረተው በዚህች ገመድ ላይ ነው። ጨዋታው ቀይና አረንጓዴ ተብሎ ሁለት ሆኖ ሲወጣ፥ አንዳንዶቹ እንስሳት በአንዱ ብቻ እንዲገኙ ተደረገ። ስለዚህ ሁሉንም ለመሰብሰብ የፈለገ ልጅ ጓደኛውን ፈልጎ አጠገቡ መቀመጥና መለዋወጥ ግድ ሆነበት። የእኛም ገበጣ ቢሆን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ካልተቀመጠ ጨዋታ አይሆንም፤ ጠጠሩም ሲያልቅ ሁለቱም ተነሥተው ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «አዲስ የእጅ ኮንሶል ስንቱ ቤተ ሰብ ይገዛዋል? ስልኩ እኮ ቀድሞ በቤት አለ» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አልክድም። በስልክም ቢሆን እንደ ቼዝ ያለ መልካም ጨዋታ ሞልቶአል። ደግሞም በ2017 እንደ ወጣው ስዊች ያሉት የዛሬ ኮንሶሎች የሚያበራ ስክሪንና የኢንተርኔት መደብር ስላላቸው፥ «የእጅ ኮንሶል» በመባል ብቻ ከነቀፋ አይድኑም። እኔ ራሴም ጌም ቦዩ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት በቴትሪስ ምክንያት የሒሳብ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ቀርቼ ተቀጥቻለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ የታገልሁት ከገዛ ስንፍናዬ ጋር ብቻ ነበር፤ ከስልኩ ጋር ስታገል ግን እኔን ለማቈየት ደመወዝ ከሚከፈላቸው ብልህ ሰዎች ጋር ነበር የምታገለው። ልዩነቱ ይህ ነው። ለጨዋታ ብቻ የተሠራ ዕቃ ሲከደን ይከደናል፤ ስልክ ግን የእኅትም ድምፅ፥ የትምህርትም መልእክት፥ የጨዋታም ደወል በአንድ በር የሚገባበት ቤት ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ጨዋታን ሁሉ በአንድ ዐይን እንዳያዩ እለምናለሁ። ልጃችሁ ሲጫወት ባያችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁት፤ ስትፈልግ ያቆምልሃልን? ዋጋው አንድ ጊዜ ተከፍሎ አልቆአልን? ከሰው ያገናኝሃልን ወይስ ይለይሃል? መልሱ የሚበጅ ከሆነ ተዉት፥ ይጫወት። ካልሆነም ከመቈጣት በፊት ጨዋታው እንዴት እንደ ያዘው ተቀምጣችሁ አብራችሁ እዩለት።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከእኛም መካከል ኮምፒዩተር አጥንቶ ነገ ጌም የሚሠራ አይጠፋም። ያ ሰው ቀለሙንና ፍጥነቱን ከማሰቡ አስቀድሞ፥ ተጫዋቹ እናቱ ስትጠራው የሚነሣበትን ቦታ ያብጅለት እላለሁ። በእኛ ቤት ግን ደንቡ ከወዲሁ ተወስኖአል፤ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ስልኩ የእናቴና የእኅቴ ነው። እኔም ፀሐይ ካለች ጌም ቦዬን ይዤ ደጅ እወጣለሁ።