475 ሺህ ዶላር ለምኑ?

“ሳይንሱ ራሱ ውድ ነው!” የምትለዋ ምክንያት ሰልችታናለች። እስቲ ሳይንሱን ገልጠን እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

አሜሪካ በነሐሴ 2017 ኪምራያ የተባለውን የደም ካንሰር ሕክምና ስትፈቅድ፣ አምራቹ ኖቫርቲስ የቆረጠለት ዋጋ ለአንድ ታካሚ 475 ሺህ ዶላር ነበር። ሥራው ሲያወሩት አጭር ነው። ቲ ሴል የሚባሉት የሰውነት ወታደሮች ከታካሚው ደም ተለይተው ይወጣሉ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰሩን ህዋስ ለይተው እንዲያጠቁ የሚያደርግ ዲኤንኤ ይገባባቸዋል፤ ይባዛሉ፤ ወደ ባለቤታቸው ይመለሳሉ።

ጣጣው ያለው “ይገባባቸዋል” የምትለዋ ላይ ነው። ቲ ሴል በሩን ለመጣ ሁሉ አይከፍትም። ስለዚህ ቫይረስ ይላካል። የኪምራያው ቫይረስ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ከኤችአይቪ! ያ ስንት ቤት የዘጋ ቫይረስ የመራባት አቅሙን ተነጥቆ፣ ህዋስ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤ የመትከል ችሎታው ብቻ ተትቶለት ተላላኪ ሆኗል። ለሰው በሚሆን ጥራት ማምረቱ ግን ብዙ ገንዘብ ይበላል።

እሺ፣ ይብላ። ግን ስንት?

የባርሴሎናው ሆስፒታል ክሊኒክ ቫይረሱንም ህዋሱንም ራሱ ያዘጋጃል፤ በ2021 ስፔን የፈቀደችለት ተመሳሳይ ሕክምና 90 ሺህ ዩሮ ገደማ ተተመነ። ሕንድ ውስጥ የቦምቤይ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የታታ ሜሞሪያል ሰዎች ቫይረሱን ራሳቸው አምርተው የሠሩት ኔክስካር19 በ2023 ተፈቀደ፤ ዋጋው የአሜሪካው አንድ አስረኛ ገደማ። “የሕንድ ደመወዝ ርካሽ ስለሆነ ነው” ትሉን ይሆናል። አዎ፣ እሱም አለበት። ባርሴሎናስ?

ሌላም መንገድ አለ፤ ኤሌክትሮፖሬሽን ይሉታል። ህዋሱን ለቅጽበት በኤሌክትሪክ ነዝሮ፣ ሽፋኑ ሲበሳሳ ዲኤንኤውን ማስገባት ነው። በ2018 የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ፣ ያለ ቫይረስ፣ ዲኤንኤውን በተፈለገው ቦታ መትከል እንደሚቻል አሳዩ። ርካሽ ሊሆን ይችላል ብለን ብቻ ግን እልል አንልም። ንዝረቱ ብዙ ህዋስ ይገድላል። አውስትራሊያ ውስጥም ያለ ቫይረስ በተሠሩ ቲ ሴሎች ከታከሙ 10 ሰዎች ሁለቱን፣ ከዚያው ከተሰጣቸው ህዋስ የመነጨ ሊምፎማ እንደያዛቸው በ2021 ተዘግቧል። ጥንቃቄ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንክድም። የምንክደው ጥንቃቄ ማለት 475 ሺህ ዶላር ነው መባሉን ነው።

“ይሄ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው” ለምትሉ ወዳጆቻችንም አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሲጠየቅበትም የሚባለው ይኸው ነበር። በ2001 የሕንዱ ሲፕላ በዓመት 350 ዶላር አቀርባለሁ አለ፤ በ2005 ኢትዮጵያ በነፃ ማደል ጀመረች። እስከዚያ ስንቱን ቀበርን?

ያኔም ውዱ ሳይንሱ አልነበረም። ዛሬ ያው ቫይረስ ራሱ መድኃኒት አድራሽ ሆኖ ሲመጣ፣ ያቺኑ ምክንያት ሁለተኛ አንገዛም።