ልጆቻችንን ተራራ እናውጣቸው

 

አንዲት እናት በላኩልን ደብዳቤ ስለ አሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው አጫውተውናል። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ነው፤ ሶላቱንም አያጓድልም። ነገር ግን ሱቅ ተልኮ ባለሱቁ መልስ ቢያጎድልበት ተመልሶ መጠየቅ ያፍራል። ዘመድ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ክፍል ውስጥም መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም። «ጎበዝ ነህ፣ አይዞህ እያልን ብንመክረው የባሰ አንገቱን ይደፋል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጉዳዩ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ የዚህን ወር አምድ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

እኛ እንደምናምነው ምስጋና ብቻውን በራስ መተማመንን አይፈጥርም። ልጅ ሞኝ አይደለም። ሞክሮት የማያውቀውን ነገር «ትችላለህ» ስንለው በልቡ «ከየት አወቃችሁ?» ይለናል። በራሱ የሚተማመነው አንድ እውነተኛ ኃላፊነት በእጁ ገብቶ፣ ሌሎች ሰዎች በእርሱ ላይ ተማምነው፣ ሲወጣው ነው። ለዚህ ደግሞ ልጆችን በቡድን አድርጎ ወደ ተራራና ወደ ጫካ እንደ መውሰድ የረዳን ነገር የለም።

ይህ ነገር በሥልጠና መልክ እንዴት እንደተጀመረ ማወቁ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ያሰጥሙ ነበር። ሊቨርፑል ከተማ ከነበረ አንድ የመርከብ ኩባንያ ባለቤቶች አንዱ የሆኑት ሎረንስ ሆልት በዚያን ጊዜ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታዘቡ። መርከብ ሰጥሞ ሰዎቹ በትንሽ ጀልባ ባሕር ላይ ሲቀሩ ጉልበታሞቹ ወጣቶች ይሞታሉ፤ በሸራ መርከብ ዘመን ያደጉት ሽማግሌዎች ግን ይተርፋሉ። ሆልት ጉድለቱ የጡንቻ ሳይሆን የልምድና የመንፈስ ጥንካሬ ነው አሉ። ኩርት ሐን የተባሉት መምህር ደግሞ ሂትለርን ተቃውመው በ1933 እ.ኤ.አ. ታስረው ከተፈቱ በኋላ ወደ ብሪታንያ የተሰደዱ ጀርመናዊ ነበሩ። ሁለቱ ተባብረው በ1941 እ.ኤ.አ. በዌልስ የባሕር ጠረፍ፣ አበርዶቪ በምትባል ከተማ፣ «አውትዋርድ ባውንድ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስሙ ወደብ ለቅቃ ወደ ባሕር የምትወጣ መርከብ የሚነገርበት ነው።

ወጣቶቹ እዚያ አንድ ወር ገደማ ይቆዩ ነበር። በጀልባ ይጓዛሉ፣ ተራራ አቋርጠው በእግር ይሄዳሉ፣ የሰው ነፍስ ማዳንን ይለማመዳሉ። ዓላማው ግን መርከበኛ ማፍራት ብቻ አልነበረም፤ ባሕሩና ተራራው ራሳቸው መምህር እንዲሆኑ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «የኤደንብራ መስፍን ሽልማት»ም ከዚሁ ከሐን ሐሳብ የተቀዳ ነው። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 24 የሆኑ ወጣቶች ይሳተፉበታል። በነሐስ ደረጃ 2 ቀንና 1 ሌሊት፣ በወርቅ ደረጃ 4 ቀንና 3 ሌሊት ውጭ ያሳልፋሉ። ከሁሉም ልብ ያልነው ግን ይህን ነው፦ መንገዱን የሚያቅዱት፣ ስንቁንና ድንኳኑን የሚሸከሙት፣ የሚያበስሉትም ልጆቹ ናቸው። አዋቂው ከሩቅ ይከታተላል እንጂ ከፊት ሆኖ አይመራም።

«ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንዲያ ከሆነ የወሎ ደረሳ ምን ነበር ልንል ነው? የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናቱን ተሰናብቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ዳና ወይም ጀማ ንጉሥ ድረስ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ እንጨቱን ይለቅማል፣ ውኃውን ይቀዳል፣ ሌሊት ኪታቡን ያጠናል። ከዚያ ሲመለስ ሰው ፊት መናገር የሚያቅተው አልነበረም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንም ቢሆን ወጣት ኃላፊነት ይሰጠው ነበር። ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ ሃያ ዓመት ገደማ ሳለ ታላላቅ ሶሐቦች ያሉበት ጦር አዛዥ ተደርጎ ሲሾም፣ ልጅ ነው ብለው ያጉረመረሙ ሰዎች ነበሩ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ለሹመቱ ብቁ መሆኑን ተናግረው ተከላከሉለት። ኢብኑ ዑመር ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቱ ለኡሑድ ዘመቻ ራሱን ሲያቀርብ ተመልሷል፤ አሥራ አምስት ሲሆነው በኸንደቅ ተፈቅዶለታል። የሚከለከልበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ የሚፈቀድበትም ጊዜ አለ ማለት ነው። እኛ ግን መከልከሉን ይዘን መፍቀዱን ረሳነው። ከብት ጠብቀን፣ ወንዝ ተሻግረን ያደግን ሰዎች የራሳችንን ልጆች ከኮንዶሚኒየም ደረጃ እንዳይርቁ እንጠብቃለን። ከዚያም ስልኩን አቅፎ ዋለ ብለን እንቆጣለን።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ገጠመኝ እንንገራችሁ፤ ጥፋታችንም አለበት። አንድ ጊዜ ዘጠኝ የሰፈር ልጆች ይዘን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወጨጫ ተራራ ሄድን። በመናገሻ ሱባ ደን በኩል፣ በጽድና በዝግባው መካከል ነው የሚወጣው፤ ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። የቡድኑ መሪ አድርገን የመረጥነው ዝምተኛውን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ስንቁን ቆጥሮ የሚያከፋፍለው፣ ሰው መጉደል አለመጉደሉን የሚያየው፣ የት እንደሚታረፍ የሚወስነው እርሱ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ መንገዱን ሳተ። እኛ አውቀናል። ዝም ማለቱ ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል፤ ምላሳችንን ነክሰን አርባ ደቂቃ ያህል ከኋላ ተከተልነው። በመጨረሻ ቆመና ከብት ወደሚጠብቅ አንድ ሰውዬ ሄዶ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ፣ በእጁም እያሳየ መንገዱን ጠየቀ። ሰውዬው ሳቁበት፤ እርሱም ሳቀ፤ መንገዱን አገኘን።

ዙህር ሲቃረብ ቂብላውን እንዲፈልጉ ለልጆቹ ተውንላቸው። መካ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብላ ነው ያለችው። ወሩ ኅዳር ስለነበርና በዚያ ወር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ስለምትሆን፣ አንዷ ልጅ የራሷን ጥላ ተመልክታ «ጥላችን ራሱ እያሳየን ነው» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን የረሳ ልጅ ያለ አይመስለንም።

ጫፉ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አንድ ልጅ ከዛፍ ጀርባ ተደብቆ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሲወስድ ታየ። አስም እንዳለበት የነገረን አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጁ እንዳይቀር ፈርቶ ነበር የደበቀው። መድኃኒቱ ረዳው፤ ትንፋሹም መለስ አለ። ሌሎቹ «እርሱ እዚህ ይጠብቀን» አሉ። ያ ዝምተኛ ልጅ ወደ እኛ እንኳ ሳይመለከት «ሁላችንም እንወርዳለን» አለ። አጉረመረሙበት፤ አንዱ እንዲያውም ሰደበው። እርሱ ግን ቦርሳውን አነሣና ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ጫፉን ሳናይ ተመለስን።

ልጁ ተለወጠ ብለን አናጋንንም። አሁንም እንግዳ ሲመጣ ዝምተኛ ነው። እናቱ የነገሩን ግን የመብራት ሂሳብ ሊከፍል ሄዶ ሒሳቡ ሲሳሳትበት ተከራክሮ አሳርሞ መምጣቱን ነው።

የወላጆች ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ እናውቃለን። በ1993 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር በእንግሊዝ በላይም የባሕር ወሽመጥ ስምንት ተማሪዎች ከመምህራቸውና ከአሠልጣኞች ጋር በትናንሽ ጀልባዎች ወጥተው ነፋስ ወደ ጥልቁ ወሰዳቸው። እርዳታ የተጠራውም ዘግይቶ ነው። አራቱ ልጆች ሞቱ። ከዚያ በፊት ከሥራው የለቀቁ አሠልጣኞች የደኅንነት ጉድለት እንዳለ ለድርጅቱ በደብዳቤ አስጠንቅቀው ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ ታሰሩ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንዲህ ያሉ ማሠልጠኛዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ልጆቹን የገደላቸው ባሕር መውጣታቸው ሳይሆን የአዋቂዎቹ አለመዘጋጀት ነበር።

ስለዚህ ልጁን ከመላክዎ በፊት አስተባባሪዎቹን ያለ ይሉኝታ ይጠይቁ። ቦታውን አስቀድመው አይተውታል? የአካባቢውን ጸጥታ ከነዋሪውና ከአስተዳደሩ አጣርተዋል? የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቅ ማን አለ? አንድ ልጅ ቢጎዳ መኪናው የት ነው የሚቆመው? በየስንት ሰዓቱ ይደውላሉ? ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ «በጥቅምት ይሁን» ይበሉ፤ መብረቅና ጎርፍ ቀልድ አይደለም። ውኃ ዳር ከሆነ ዋና የሚችል አዋቂ ከሌለ አይላኩ። የልጅዎን ሕመም ደግሞ አይደብቁ።

ሴቶች ልጆችስ? ጥላዋን ያየችው ልጅ ከአክስቷ ጋር ነበር የመጣችው። እኅቶች ራሳቸው የሚመሩት የሴቶች ቡድን ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከባለቤታቸው ከዓኢሻ ጋር ሩጫ መሽቀዳደማቸውን የሰማ ሁሉ ሴት ልጅ ሜዳ ላይ መሮጧ አያስደነግጠውም።

ደብዳቤ ለጻፉልን እኅታችን መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው፦ ልጁን ይላኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ አናደርገውም፤ ውኃ ቆጣሪ ይሆናል።

የሚቀጥለው ጉዞ ኢንሻአላህ በኅዳር ነው። የስም ዝርዝሩን ያዘጋጀልን ያው የወጨጫው ልጅ ነው። ከየስሙ ጎን እኛ ያላዘዝነውን አንድ ረድፍ ጨምሮበታል፤ ከላዩ ላይ «ሕመም ካለ ይጻፍ፤ ማንም አይቀርም» ይላል።