ሰማያዊ የተባሉት ሰዎችና የእኛ ብዕር

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር ጽሑፍ ኮርስ አንድ ሥራ ክፍል ውስጥ አቅርቤ ነበር። ርዕሱ «ሰማያዊዎቹ ሰዎች» ይላል። ከኢንተርኔት ያወረድኩትን፣ ፊታቸው ሰማያዊ የሆነ የአንድ ቤተሰብ ምስል በፕሮጀክተር ሳሳይ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። «ፎቶሾፕ ነው!» ያለ ነበር፤ «እርግማን ነው» ያለችም አልጠፋችም። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ሰው ከሳቀ ጽሑፌ የተወደደልኝ መስሎኝ። መምህራችን ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከእነዚህ ሰዎች የማንን ቃል ሰማሽ?»

የማንንም አልሰማሁም። ምስሉም ቢሆን ፎቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የሳይንስ መጽሔት ስለ ቤተሰቡ ሲጽፍ ሰዓሊ የሠራው ሥዕል ነው። ፎቶሾፕ ነው ያለው ልጅ ከእኔ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላውጋችሁ። ቦታው አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ፣ ሃዛርድ ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለ ትራብልሰም የሚባል ጅረት ነው። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ ማርቲን ፉጌት የሚባል ሰው እዚያ ሰፈረና ኤልዛቤት ስሚዝ የምትባል ሴት አገባ። ከ7 ልጆቻቸው 4ቱ ቆዳቸው ሰማያዊ ነበር ይባላል። አካባቢው ተራራማ ነው፤ መንገድ አልነበረም፤ የድንጋይ ከሰል ፍለጋ ባቡር ያመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ኖረ፤ ሰማያዊ ልጅም በየትውልዱ ይወለድ ነበር።

ነገሩ ሜትሄሞግሎቢኔሚያ የሚባል የደም ችግር ነው። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ውስጥ ብረት አለ። ይህ ብረት አንዳንዴ ባሕርዩን ይቀይርና ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በሁላችንም ላይ በጥቂቱ ይደርሳል፤ ግን ወደ ነበረበት የሚመልስ ኢንዛይም አለን። ኢንዛይሙ ለሌለው ሰው የተበላሸው ይጠራቀማል፣ ደሙ ቸኮሌት መልክ ይይዛል፣ ቆዳው በላዩ ሲታይ ሰማያዊ ይመስላል። ልጅ እንዲህ ሆኖ እንዲወለድ ጉድለት ያለበትን ጂን ከአባትም ከእናትም መውሰድ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማዲሰን ካዋይን የሚባል የደም ሐኪም ሩት ፔንደርግራስ ከምትባል ነርስ ጋር ሆኖ ሰዎቹን በየኮረብታው ፈለጋቸው። አንድ ቀን እህትና ወንድም ራሳቸው ወደ ክሊኒኩ መጡ። ሐኪሙ በኋላ እንዳስታወሰው በመልካቸው በጣም ያፍሩ ነበር። ካዋይን በመጀመሪያ ልብና ሳንባቸው ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ በ1960 ስለ አላስካ ነባር ሕዝቦች የታተመ ጥናት አነበበና የጎደለው ኢንዛይም የትኛው እንደሆነ ገባው። መድኃኒቱ ምን መሰላችሁ? ሜቲሊን ብሉ፣ ራሱ ሰማያዊ የሆነ ቀለም! 100 ሚሊ ግራም ሲወጉ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳቸው ቀላ። ኃይሉ በሽንት ስለሚወጣ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ተሰጣቸው።

እኔ በጽሑፌ ያልነካሁትና አሁን የሚቆጨኝ ነገር ይህ ነው፦ ሰዎቹ አብዛኞቹ ዕድሜ ጠግበው የኖሩ ናቸው። ሕመሙ ብዙም አልጎዳቸውም። የጎዳቸው ሰው ነው። መጠቋቆሙ፣ ወሬው፣ «ዘመድ ከዘመድ ተጋብተው ነው» የሚለው ስላቅ። የእኔም ጽሑፍ ከዚያው ወሬ ላይ የተጨመረ ነበር።

«እኛማ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን ስለምንጋባ አያገኘንም» ያለኝ የክፍሌ ልጅ አለ። ቆጠራው ጥሩ ነው፣ አልከራከርም፤ ተመሳሳይ ጂን የመገናኘቱን ዕድል ይቀንሳል። ግን ማርቲንና ኤልዛቤትን ተመልከቱ። በሚተረከው ታሪክ እሱ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ዘመዷ አይደለም። ጂኑን ሁለቱም ሳያውቁ ተሸክመው ተገናኙ፣ አለቀ። ማን ነው ጥፋተኛው?

ይህን ስጽፍ ሰፈራችን ያለ አንድ ቤት ትዝ አለኝ። ወንዶቹ ልጆች ትንሽ ሲቆረጡ ደማቸው ቶሎ አይቆምም ነበር። ዛሬ ሳስበው ሄሞፊሊያ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ሐኪም አይደለሁም፣ ያኔም ወደ ሐኪም የወሰዳቸው ሰው አላየሁም። ሰፈርተኛው «ደማቸው መጥፎ ነው» ብሎ ፈረደ። የአጎቴ ልጅ የዚያን ቤት ልጅ ሊያገባ ሲል ቤተዘመድ ተሰብስቦ ከለከለው። ማንም ሐኪም አልጠየቀም፣ እሷንም አልጠየቃትም።

በ1975 እ.ኤ.አ. ከፉጌት ዘር የሆነ ሕፃን ሰማያዊ ሆኖ ሲወለድ ሐኪሞቹ ደነገጡ፤ ደም ሊለውጡለት እየተዘጋጁ ሳለ «ስለ ሰማያዊዎቹ ፉጌቶች አልሰማችሁም?» ያለቻቸው አያቱ ነበረች። ልጁ በሳምንታት ውስጥ መልኩ ተመለሰ። ያቺ አያት አፍራ ዝም ብትል ኖሮ ያ ሕፃን ያለ አስፈላጊው ነገር ብዙ በተሠቃየ ነበር። የእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ሰው ደፍሮ እንዲናገር ማድረግ ሲገባው፣ በሥዕልና በርዕስ እያሳቅን አፉን እናዘጋለን። ዲፓርትመንታችን በሥነ ምግባር ኮርስ ላይ ስለ ሕፃናትና ስለ ኤች አይ ቪ ዘገባ ያስተምረናል፤ በዘር ስለሚተላለፍ ሕመም ግን አንድም ምዕራፍ አላየሁም። አንድን ታማሚ ስም ስትጠራ እኮ እህቱንም፣ ያልተወለደ ልጁንም አብረህ ትጠራለህ።

ባለፈው እሁድ እናቴ ጋ ደውዬ ስለዚያች ልጅ ጠየቅኳት። «እሷ አለች አይደል፤ ሄደሽ እሷን ጠይቂያት እንጂ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ። ለክረምት አገር ቤት ስሄድ እጠይቃታለሁ። እምቢ ካለችኝ አልጽፍም።