ዲግሪ ወይስ ራዲያን? ቁልፉን ከመጫናችን በፊት

በሳይንሳዊ ካልኩሌተር የ30ን ሳይን ስንጠይቅ መሣሪያው 0.5 ሊለን ይችላል፤ አሉታዊ 0.988 ሊለንም ይችላል። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። በብዙዎቹ ካልኩሌተሮች ልዩነቱን የምታሳውቀን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት የላቲን ፊደል ናት፤ «ዲ» ከሆነች 30ው በዲግሪ፣ «አር» ከሆነች በራዲያን ተወስዷል። ሦስተኛዋ «ጂ»፣ ማለትም ዘጠና ዲግሪውን ማዕዘን ለ100 የሚከፍለው የግራድ ልኬት፣ በእኛ ክፍሎች እምብዛም ሥራ የላትም፤ ተማሪ የሚያገኛትም ቁልፍ ተሳስቶ ሲጫን ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሉታዊው መልስ ቢያንስ ያስደነግጣል። የሚያሰጋን የማያስደነግጠው ነው። አንድ የቅየሳ ተማሪ ዘዌው 20 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ 100 ሜትር ለካ እንበል። አግድም ርቀቱ፣ 100 በ20 ዲግሪ ኮሳይን ሲባዛ፣ 94 ሜትር ገደማ ነው። ካልኩሌተሩ በራዲያን ላይ ከነበረ ግን 40.8 ሜትር ይወጣል። ቁጥሩ አዎንታዊ ነው፤ ከ100ም ያንሳል፤ ስለዚህ ሳይጠየቅ ወደ ሪፖርቱ ይገባል። ተዳፋቱን በዐይነ ሕሊናው ያየ ተማሪ ብቻ ነው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ርቀት የት ገባ ብሎ የሚጠይቀው።

አንዳንዶች መፍትሔው ካልኩሌተሩን ምንጊዜም በዲግሪ ማቆየት ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም። ክብን ለ360 መከፋፈል ከባቢሎናውያን የወረስነው ልማድ ነው፤ ምቹ ልማድ፣ ግን ልማድ። ራዲያን የሚመነጨው ከክቡ ከራሱ ነው፤ የክቡን ራዲየስ የሚያህል ክር በዙሪያው ላይ ብናሳርፍ፣ ክሩ ከክቡ መሀል ሲታይ የሚይዘው ዘዌ አንድ ራዲያን፣ ማለትም 57.3 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በራዲያን የተለካን ዘዌ በራዲየሱ ብናባዛው የቅስቱን ርዝመት እናገኛለን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ 0.157 ራዲያን ነው፤ በምድር ራዲየስ፣ በ6371 ኪሎ ሜትር፣ ሲባዛ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰጣል። 9ኙን ሳይለውጥ ያባዛ ሰው 57 ሺህ ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ የምድር ሙሉ ዙሪያ ግን 40 ሺህ ገደማ ነው። በካልኩለስም የሳይን የለውጥ ምጣኔ ራሱ ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ነው፤ በዲግሪ ከሆነ 0.01745 የሚል ማባዣ ይከተለዋል።

ሌላም መታረም ያለበት ግንዛቤ አለ። ካልኩሌተሩን ከዲግሪ ወደ ራዲያን ማዞር የተጻፈውን ቁጥር አይለውጠውም፤ ቁጥሩ የሚነበብበትን መንገድ እንጂ። 30 እዚያው 30 ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩን ራሱን ለመለወጥ በፓይ አባዝተን ለ180 ማካፈል አለብን፤ 0.5236 ይወጣል። የዚህ ቁጥር ሳይን 0.5 ያህል ካልመጣ መሣሪያው በራዲያን ላይ አይደለም።

«ራዲያን» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1873 ጄምስ ቶምሰን በቤልፋስት ባወጣው የፈተና ጥያቄ ላይ ታትሞ ነበር። እኛም ጉዳዩን ወደ ፈተናችን እንድንመልሰው እንጠይቃለን። የትሪጎኖሜትሪ ጥያቄ ስናወጣ ከመልሱ ጎን ልኬቱ እንዲጻፍ፣ ቁልፍ ከመነካቱ በፊትም የመልሱ ግምት በአንድ መስመር እንዲሰፍር እናድርግ፤ ለግምቱም ነጥብ እንስጠው። እርማቱ ጊዜ ይወስዳል፤ በተለይ ብዙ ተማሪ ባለበት የአንደኛ ዓመት ክፍል። ከየፈተናው ሁለት ጥያቄ ብንቀንስ ጊዜውን እናገኘዋለን።