ጨረታው በመጨረሻዋ ሰከንድ

ከቅዳሴ በኋላ የስለት ጃንጥላ ሲጫረት ያየ ሰው ጨረታ ምን እንደሆነ ያውቃል። አጫራቹ ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ይዘረጋል፤ አንዱ ሺህ ሲል ሌላው ሁለት ሺህ ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል። እዚያ ከዋጋው በላይ መክፈል በረከት ነው። ብዙዎቻችን ጨረታን ያወቅነው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ስልካችንን ይዘን የምኒልክን ዘመን ቴምብር ወይም የስድሳዎቹን ሸክላ ስንጫረትም እጃችን በለመደው ይሄዳል። ሰው ሲጨምር እንጨምራለን። እልልታ የለም፣ ገንዘቡም ወደ ደብሩ ሙዳየ ምጽዋት አይገባም፤ እልሁ ግን ያው ነው። ከዚያ ጠዋት ለባለቤት የሚነገረው ቁጥር ይከብዳል።

እንደ ኢቤይ ባሉ ገጾች ላይ እልህ የማያስፈልግበት ምክንያት አለ። ገጹ የሚጠይቃችሁ የመጨረሻ ጣሪያችሁን ነው። ጣሪያውን አያስታውቅባችሁም፤ ተቀናቃኛችሁን ለማለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ በእናንተ ስም ይጨምራል። ለምሳሌ እናንተ 60 ዶላር ብትሞሉና የሌላው ጣሪያ 41 ቢሆን፣ ዋጋው 42 ላይ ይቆማል። የቀረው 18 ዶላር ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሃምሳ ሳንቲም እየጨመሩ እስከ ሌሊት መፋጠጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ተቀናቃኝንም ያነቃል። አሠራሩ የኢንተርኔት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ቴምብር ነጋዴዎች በደብዳቤ ሲያጫርቱ፣ አሸናፊው የሚከፍለው ሁለተኛው ሰው ካቀረበው ትንሽ ከፍ ያለውን ነበር። ዊልያም ቪክሪ የተባለው ኢኮኖሚስት የዚህን ዓይነት ጨረታ ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ጻፈ፤ በ1996ም ኖቤል ተሸለመ። የሒሳቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ዕቃው ለእናንተ በእውነት የሚያወጣውን ሙሉ፣ አንድ ጊዜ ሙሉ፣ ከዚያ ተኙ።

ሁለት ሰው እኩል ጣሪያ ቢሞላ ቀድሞ የሞላው ያሸንፋል። ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች 60 ከማለት 61.37 የሚሉት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ ክብ ቁጥር ይወዳልና።

በሰብሳቢዎች መካከል ብዙ የሚያነታርከው ግን የመጨረሻዋ ሰከንድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ፣ አምስት ሰከንድ ሲቀር ጣሪያውን ጥሎ የሚወስድ ሰው አለ። የተቀደመው «ይሄማ ሌብነት ነው!» ይላል። እኔ አልስማማም። የመዝጊያው ሰዓት ለሁሉም ተጽፏል፤ ጣሪያውን በትክክል የሞላ ሰው ደግሞ በመጨረሻዋ ሰከንድም አይበለጥም፤ ከተበለጠ ያኛው ከእሱ በላይ ለመክፈል ፈቃደኛ ስለሆነ ነው። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ኢቤይን በወቅቱ ከነበረው የአማዞን ጨረታ ጋር አነጻጽረው ነበር። በአማዞን፣ ወደ መዝጊያው ላይ አዲስ ዋጋ ከገባ ጊዜው በአሥር ደቂቃ ይራዘም ነበር፤ እዚያ አድፍጦ መጠበቅ በጣም አነስተኛ ሆነ። በኢቤይ ደግሞ ከኮምፒውተር ይልቅ በጥንታዊ ዕቃዎች ላይ ማድፈጡ በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱ ለሰብሳቢ ግልጽ ነው። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሰኞ ዕለት ዋጋ ከሰጠ፣ የማያውቀው ሁሉ «እሱ ከፈለገውማ እውነተኛ ነው» ብሎ ይከተላል። ዝምታው እውቀትን መደበቂያ ነው።

እውቀቱ ደግሞ ዋጋ አለው። ጠገራ ብርን ውሰዱ። ማርትሬዛው ላይ 1780 የሚል ስለተቀረጸ ብቻ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው» እየተባለ ይሸጣል። ሆኖም ያ ዓመት ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ሳይቀየር በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች ሲመታ የኖረ ነው፤ ቪየና ዛሬም ትመታለች። ክብደቱ 28 ግራም አካባቢ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የብሩን ዋጋ ከፍሎ ትንሽ መጨመር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙት ሰባቱ የምኒልክ ቴምብሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በኋላ ማኅተም የተደረገባቸው ውድ ዓይነቶች አሉ፣ ሐሰተኛ ማኅተምም ሞልቷል። ሸክላ ላይ ደግሞ ቃሉ ያሳስታል። በሸክላ ነጋዴዎች ደረጃ አሰጣጥ «ቬሪ ጉድ» የተባለው እንደ ስሙ አይደለም፤ በለስላሳው ክፍል ላይ ጭረቱ ይሰማል። «ጉድ» የተባለውማ ጉድ ነው። የአምሃ ሪከርድስ ትንንሽ ሸክላዎች በየቡና ቤቱ እስኪያልቁ የተጫወቱ ናቸውና ፎቶ ጠይቁ፤ ጥያቄውንም መዝጊያው ቀን ሳይደርስ ላኩ።

ሥነ ሥርዓቱ ላይ ጥብቅ ነኝ። ሳይፈልጉ ለማስወደድ ብቻ መጫረት ነውር ነው። ያሸነፉትን አለመክፈልም ነውር ነው። ኢቤይ የገባን ዋጋ ማንሳት የሚፈቅደው በጥቂት ምክንያት ነው፤ ቁጥር ተሳስቶ ሲጻፍ፣ የዕቃው መግለጫ ሲቀየር፣ ሻጩን ማግኘት ሲያቅት። «ባለቤቴ ተቆጣች» ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከሁሉ የከፋው ሻጩ በሌላ ስም የራሱን ዕቃ ሲጫረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሪቻርድ ዲቤንኮርን ሥራ የመሰለ ሥዕል በዚህ መንገድ 135,805 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ሽያጩ ተሰረዘ፣ ነገሩም እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። አንድ ተጫራች ሁልጊዜ ከአንድ ሻጭ ዕቃ ላይ ብቻ ሲያንዣብብና ሁልጊዜ ሲሸነፍ ካያችሁ ራቁ።

ጓደኛሞች ሲገናኙስ? ወዳጃችሁ አንዲት ቴምብር ጎድሎት አልበሙ ለዓመታት ክፍት ሆኖ እንደቀረ እያወቃችሁ፣ ያችው ቴምብር ስትወጣ ደውሉለት። «ትፈልጋታለህ?» ብሎ ጠይቆ መተው የወዳጅ ወግ ነው። አምስት ሆኖ ተማክሮ ዋጋው እንዳይወጣ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከሻጩ ኪስ መውሰድ ነው፣ በብዙ አገርም ሕግ ይከለክለዋል።

አዲስ አበባ ተቀምጦ በዶላር መክፈል ቀላል ስላልሆነ አብዛኞቻችን የምንጫረተው በዘመድ በኩል ነው። ዋሽንግተን ያለችውን እህታችሁን «በርከት ካለ ተይው» አትበሏት። በርከት ያለው ስንት ነው? ጣሪያውን በቁጥር፣ የመላኪያውንም ጨምራችሁ፣ በጽሑፍ ላኩላት። ገንዘቡን መቼ እንደምትመልሱ፣ በማን ሻንጣ እንደሚመጣ፣ ሻንጣው ቢጠፋ ጉዳቱ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅታችሁ «ትንሽ ጨምሪ» ብላችሁ አትደውሉ። ባልና ሚስትም ቢሆኑ የወሩን ጣሪያ ጨረታው ሳይከፈት ቢስማሙ፣ ዕቃው ሲመጣ ከሳሎን ይቀመጣል እንጂ ከቁም ሳጥን ጀርባ አይደበቅም።

አንድ ዕቃ ላይ ግን ጣሪያ አትሙሉ ነው የምለው፤ ከመቅደላ የተወሰደ ነው ተብሎ የቀረበ የብራና መጽሐፍ፣ ጋሻ፣ መስቀል ወይም ዋንጫ። «ሌላ ከሚወስደው እኔ ልግዛና ላምጣው» የሚለው ስሜት ይገባኛል፣ ከልብም ነው። ነገር ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ሲጫረት ሌላም ይጫረታል፤ ሁለት ተቆርቋሪዎች ተፎካክረው ዋጋውን ሰማይ ያደርሱታል፣ በየቤቱ ሰገነት ዕቃ ያለውም ይህን አይቶ ያወጣል። መጀመሪያውንም በጨረታ ነው የተበተነው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 የዘረፈውን ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን አጫርቶ ገንዘቡን ለወታደሮቹ አከፋፈለ፤ ለብሪቲሽ ሙዚየም የሚገዛ ሰውም ቆሞ ይጫረት ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥማችሁ የመለያ ቁጥሩንና ፎቶውን ይዛችሁ በዚያ አገር ላለው ኤምባሲያችን ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 እንግሊዝ ውስጥ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀርበው ነበር። ኤምባሲው ሲጠይቅ ከጨረታው ወጡ፤ በኋላም አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ገዛቸውና በዚያው ዓመት መስከረም ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ አስረከበ።