የሦስት ፊደል ስንፍና

እስኪ የራሳችንን ጉድ ራሳችን እናውጣው። ድረ ገጽ የምንሠራ ወጣቶች የፒኤችፒ ኮድ ስንጽፍ «<?» ብለን እንከፍትና ወደ ሥራችን እናልፋለን። ከምልክቱ ቀጥሎ ፒ፣ ኤች፣ ፒ የሚሉትን ሦስት ፊደላት መጨመር ይከብደናል። ሰው ለሦስት ፊደል ይሰንፋል? እኛ ሰንፈናል!

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ኤክስኤምኤልን ሲያጸድቅ፣ «<?» ለፕሮግራሞች የሚተላለፍ ትእዛዝ መክፈቻ ሆነ። ሕጉ ግን ትእዛዙ የማን እንደሆነ ወዲያው በስም ይጠራ ይላል። በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤልም ይህንኑ ወረሰ።

ኤክስኤምኤል ራሱን የሚያስተዋውቀውም በዚሁ ምልክት ነው። አጭሩ መክፈቻ በተፈቀደበት ሰርቨር ላይ ፒኤችፒ ያቺን የመግቢያ መስመር «የእኔ ኮድ ናት» ብሎ ይነጥቃል፤ ሳትገባው ስትቀር ገጹ በስሕተት መልእክት ይዘጋል።

በተከለከለበት ሰርቨር ደግሞ የባሰ አለ። ኮዳችን አይሠራም፤ እንዳለ ወደ ጎብኚው ይላካል። የገጹን ምንጭ የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል እዚያው ከተጻፈ የቤታችንን ቁልፍ በሩ ላይ ሰቅለን ሄድን ማለት ነው።

«የእኛ ሰርቨር ይፈቅዳል» የምትሉ ወዳጆቻችን፣ ሰርቨር ይቀየራል። «ኤክስኤችቲኤምኤል አርጅቷል፤ በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ይህን ሁሉ አይጠይቅም» ለምትሉም መልስ አለን፦ የአርኤስኤስ መጋቢው፣ ለመፈለጊያ ሞተሮች የምናዘጋጀው የገጾች ዝርዝር፣ የኤስቪጂ ሥዕሉስ? ሁሉም ኤክስኤምኤል ናቸው።

«ታዲያ ፒኤችፒዎች ራሳቸው ለምን አያጠፉትም?» ሞክረው ነበር። በ2019 አጭሩን መክፈቻ ለማስቀረት የቀረበው ሐሳብ መጀመሪያ በድምፅ አለፈ፤ ክርክር ተነሣ፤ ተሻሽሎ የቀረበው ሁለተኛው ሐሳብ ወደቀ። የቆየው ኮድ እንዳይበላሽ ተፈርቶ ነው። እንግዲህ ከስንፍናችን ሌላ ሰው አያድነንም።

ሕጉ የጠየቀን ስማችንን ጠርተን እንድንገባ ብቻ ነው። እንግዳ እንኳ በር አንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል ስሙን ይናገራል። እኛም ሦስቱን ፊደል እንጻፍ!