«ሞደርን አልጋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የአልጋን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ሞደርን የመኝታ ቤት ዕቃ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት የፈርኒቸር መደብር ማግኘት ያስቸግራል። ውስጥ የተደረደረው ግን አብዛኛው ሞደርን ሳይሆን የዘንድሮ ፋሽን ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ጎጆ ለመውጣት ገንዘብ ላጠራቀሙ ሙሽሮች ግን ጨዋታ አይደለም።

በዲዛይን ቋንቋ «ሞደርን» አዲስ ማለት አይደለም። መነሻና መድረሻ ያለው የአንድ ዘመን ስም ነው። በአውሮፓውያኑ 1919 ዋልተር ግሮፒየስ ጀርመን ዋይማር ውስጥ ባውሃውስ የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዚያው ትምህርት ቤት ሰው ማርሴል ብሮየር ከብረት ቱቦ ወንበር ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ቻርልስና ሬይ ኢምስ ኮምፔንሳቶን አጉብጠው መቀመጫ አደረጉት። የሁሉም እምነት አንድ ነበር፦ ጌጥ ይቀነስ፣ ዕቃው ሥራውን ይሥራ፣ የተሠራበት ነገር አይደበቅ።

ይህ ሐሳብ መኝታ ቤት ሲገባ ዝቅ ያለ አልጋ፣ ቀጥ ያለ ራስጌ፣ በቀጫጭን እግሮች ከወለል ከፍ ያለ ኮሞዲኖና የእንጨቱን መልክ የሚያሳይ ቁምሳጥን ይሆናል።

ሌላው «የጊዜው» ስታይል ነው። ይህ ዛሬ የሚሠራውን ሁሉ ስለሚያቅፍ ቋሚ ሕግ የለውም። አሁን በቬልቬት የተለበጠ ግዙፍ ራስጌ፣ ክብ ማዕዘን፣ ከሥር የሚበራ መብራት፣ ፍራሹ ሲነሳ ዕቃ ማስቀመጫ የሚሆን አልጋ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ይሆናል። አማርኛችን ሁለቱንም «ዘመናዊ» ብሎ ስለሚጠራቸው፣ ቃሉም ሙገሳ ስለሆነ፣ ገዢው ስሙን ሰምቶ ይከፍላል።

የጊዜው ስታይል በራሱ ጥፋት የለበትም። ለጠባብ የኮንዶሚኒየም ክፍል ከሥሩ ብርድ ልብስና ሻንጣ የሚውጥ አልጋ እውነተኛ መፍትሔ ነው። ችግሩ ልባሱ ነው። ሞደርን ዕቃ ገላው ስለሚታይ መጋጠሚያው ደካማ ከሆነ ያስታውቃል። በጨርቅና በስፖንጅ የተሸፈነ አልጋ ግን ውስጡ ዋንዛ ይሁን ቺፑድ ከውጭ አይለይም። ቺፑድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ተፈትቶ ሲገጠም የብሎኑ ቀዳዳ ይሰፋል። የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሰፈር ለሚቀይር ተከራይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ ቁምሳጥኑ ግድግዳ ካልተደገፈ አይቆምም።

የሞደርን ሥራ ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ። ታድሶ በ2024 ሲከፈት ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገሉ የጥንት ወንበሮቹና ጠረጴዛዎቹ ተጠግነው ተመለሱ። አዳራሽ መኝታ ቤት አይደለም፤ ሆኖም ሊጠገን የሚችል ዕቃና የሚጣል ዕቃ ልዩነታቸው በሁለቱም ቦታ ያው ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። አልጋ ላይ ይህ መብት ሲተረጎም ቀላል ነው፦ ከዋጋው ጎን የውስጡ እንጨት ዓይነት ይጻፍ። ነጋዴው እስኪጽፍ ድረስ ደግሞ ገዢው ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ። ከጨርቁ ሥር ያለው ምንድን ነው? ስንት ጊዜ ተፈትቶ ይገጠማል?

መልስ የሌለው ሻጭ የሚሸጠው ስሙን ብቻ ነው። ስም ላይ ደግሞ አይተኛም።